በማኪያቶ የሚከፈለው አድቫይዘር

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ካፌ ገብቶ ሳይመከር የወጣ የለም። ማኪያቶው ይከፈልበታል፤ ምክሩ በነፃ ነው። የሰሞኑ ተመካሪ በዲቪ የመጣ ልጅ ነው፤ ገና የክረምት ጃኬቱን ዚፕ መዝጋት አልለመደም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሊመዘገብ ነው። «ምን ልትማር አሰብህ?» ቢሉት «ጄኔራል ስተዲስ፣ የስቴሙን» አለ፤ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳቡን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የመናገር ተራ አልደረሰውም።

ቀድመው የያዙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ኡበር ይነዳሉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያለፈ ፕሮፌሰር ያጫወታቸውን ሁሉ ስለማይረሱ ራሳቸውን በምክትል ዲን ደረጃ ነው የሚያዩት።

«ስማኝ ልጄ፣ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ጨርስ። ሒሳቡ የትም አይሄድብህም።»

ከባንኮኒው ጀርባ ማኪያቶ የምትሠራ ልጅ አለች። ቀን ኢንጂነሪንግ ትማራለች፣ ማታ ወተት ታፈላለች። ዞር እንኳን ሳትል፣

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ሒሳቡም አይሄድም፣ እሱም አይሄድም።»

ሳቅን። ግን የጉዳዩ ግማሽ በዚህች መልስ ውስጥ ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። አሶሲየት ዲግሪ 60 ክሬዲት ነው፤ በሰሚስተር 15 የወሰደ በአራት ሰሚስተር ይጨርሳል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ክሬዲት ግን በድምር ሲቆጠር ሒሳብ የሚሄደው በወረፋ ነው። በፈተና ወይም በቀድሞ ውጤቱ ካልዘለለው በቀር ማት 165 ፕሪካልኩለስን ያላለፈ ማት 181 ካልኩለስ አንድ አይገባም፤ 181ን ያላለፈ 182ን አያይም፤ 280 የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ኢንጂነሮች የሚወስዱት ፊዚክስ ካልኩለስን ይጠብቃል፤ ከኢንጂነሪንጉ ኮርስ ብዙው ደግሞ ፊዚክሱን ይጠብቃል። የጋሼን ምክር ሰምቶ የመጀመሪያውን ዓመት በታሪክ፣ በስፒችና በጤና ክላስ የፈጀ ልጅ 30 ክሬዲት በኪሱ ይዞ፣ ገና ፕሪካልኩለስ በር ላይ ቆሞ ይገኛል። በቀረው ሁለት ሰሚስተር ያን ሁሉ ወረፋ ሊጨርሰው አይችልም፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትለትምና። ደርቦ መውሰድ የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

ጋሼ አልተረቱም። «ታዲያ ሁለት ዓመት ብለው የሚጽፉት ውሸታቸውን ነው?»

«ውሸት አይደለም ጋሼ። እርስዎስ ‹አምስት ደቂቃ፣ ደርሻለሁ› ይሉ የለ?»

በዚህ መሐል የፓርኪንግ ሠራተኛው ወንድማችን ጣልቃ ገባ። «ፊዚክስ እንደሆነ ሁሉም ፊዚክስ ነው። ቀላል የሚፈትን ፕሮፌሰር ፈልግና ውሰድ።»

«ቤንዚንም ናፍጣም ነዳጅ ነው» አለችው፤ «የጋሼ ካምሪ ላይ ናፍጣ ቅዳና ምን እንደምትልህ ንገረኝ።»

«በመኪናዬ አትምጪ!» አሉ ጋሼ።

በየኮሌጁ ሁለት ዓይነት ፊዚክስ አለ። አንዱ በአልጄብራ የሚሠራ ነው፤ ወደ ባዮሎጂና ወደ ጤና ለሚያዘነብሉት። ሌላው በካልኩለስ የሚሠራው የኢንጂነሮቹና የፊዚክስ ሰዎች ነው። ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው፤ ለሳይንስ ተማሪ የሚሰጠው አለ፣ ጄኔራል ኤዱኬሽን ለማሟላት የሚወሰደው አለ። የማውቀው አንድ ልጅ (ኮሌጁን ተዉት) የአልጄብራውን ፊዚክስ በኤ አልፎ ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ደረሰ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ክሬዲትህን እንደ ኢሌክቲቭ ተቀብለነዋል» አሉት። አመስግነው ሸኙት ማለት ነው፤ ፊዚክሱን እንደገና ከአንድ ጀመረ።

«ኤ.ኤ.ኤስ የሚለውን ዲግሪ ያዝ» አሉ ጋሼ ደግሞ፣ «ከኤ.ኤስ በፊደል ይበልጣል።»

«የእርስዎም ስም ከነአያትዎ ከኦባማ ይረዝማል ጋሼ። ዋይት ሀውስ በር ላይ ግን ሰው ነው የሚያወርዱት።»

ኤ.ኤ.ኤስ ቀጥታ ሥራ ለሚገባ የተዘጋጀ ነው። ባችለር የሚያስብ ሰው አይመርጠውም።

ልጁ በመጨረሻ ተራ አገኘ። «እኔ እኮ ምን እንደምማር ገና አልወሰንኩም። ለዚያ ነው ጄኔራሉን ያልኩት።»

«አለመወሰን መብትህ ነው» አለችው፣ ስኒውን እያስቀመጠችለት። «ሳትወስን የምትቆየው ግን ካልኩለስ ክፍል ተቀምጠህ ይሁን።»

የዚያን ምሽት ሁሉንም ምክር በሚዛን ብናስቀምጠው ይህቺ ትከብዳለች። የጄኔራል ስቴም ዲግሪ ጥፋት የለበትም፤ ያልቆረጠ ልጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጥፋቱ ምንም ላለመምረጥ ሰበብ ሲሆን ነው። ሒሳቡን፣ የሳይንስ ተማሪዎቹን ኬሚስትሪ እና እንግሊዝኛ 101ን በመጀመሪያው ሰሚስተር የያዘ ልጅ ኋላ ባዮሎጂም ቢል፣ ኮምፒውተር ሳይንስም ቢል፣ ኢንጂነሪንግም ቢል እምብዛም የሚጥለው የለም። የቆረጠ ደግሞ ኮሌጁ ለኢንጂነሪንግም ለኮምፒውተር ሳይንስም የራሳቸው ፕሮግራም ስላለው እዚያው ቢገባ ይሻለዋል። እቅዱ የሚነደፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ ባችለሩን የት ልጨርስ? የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ነው? ባልቲሞር ካውንቲ ነው? እዚያ ያለው ሜጀር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምን ይጠይቃል? ሜሪላንድ አርትሲስ የሚባል የኦንላይን መፈለጊያ አላት። የወሰድከውን ክላስ ትጽፍለታለህ፣ የምትሄድበት ዩኒቨርሲቲ በምን እንደሚቆጥረው ይነግርሃል። ማኪያቶ እንኳን አይጠይቅም። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው የግዛቲቱ የትራንስፈር ሕግ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አልቀበልም ካለ ምክንያቱን እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ምክንያቱን ታገኛለህ፤ የባከነውን ሰሚስተር የሚመልስ ሕግ ግን ገና አልወጣም።

«ሻዲ ግሮቭ ይግባ» አሉ ጋሼ። «ፓርኪንጉ ሰፊ ነው።»

«የሚያስመዘግቡት ልጁን ነው መኪናውን?»

(ሻዲ ግሮቭ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሚመስለው ብዙ ነው። የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መጥተው የሚያስተምሩበት ግቢ ነው፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጣ ልጅ ደህና ቦታ ነው፣ የሚፈልገው ሜጀር እዚያ ካለ።)

ወሬው ወደ ገንዘብ ዞረ። ጥጉን ይዘው የተቀመጡት ወንድማችን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዘው የመጡ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እኔስ ዲግሪዬን ደብቄ ፔል ግራንት ብወስድ?»

«ዲግሪዎን ይደብቁ? እዚህ ካፌ ውስጥ እርስዎ ዲግሪ እንዳለዎት ያልሰማ የቡና ማሽኑ ብቻ ነው!»

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ፔል፣ የፌዴራሉ መንግሥት የማይመለስ የትምህርት እርዳታ፣ ባችለር ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ቢሆንም። ፋፍሳ በሚባለው የእርዳታ ማመልከቻ ላይ ዋሽቶ መፈረም ደግሞ ገንዘቡን ከማስመለስ አልፎ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ለእሳቸው የሚጠቅማቸው ተቃራኒው ነው፦ ትራንስክሪፕታቸውን አስገምግመው የሚቆጠርላቸውን ክሬዲት መቀበል። ዲግሪ ያለው ሰው እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ ፈርቶ ወይም ወረቀት ማስላክ ሰልችቶት ከዜሮ ሲጀምር ማየት ያናድደኛል። ለልጁ ግን ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ይገባዋል። በ2024–25 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፤ በዕድሜ ልክ የሚፈቀደውም የ12 ሰሚስተር ያህል ነው። ሦስቱን በወላዋይነት ያቃጠለ ባችለሩ መጨረሻ ላይ ይፈልጋቸዋል።

«ክሬዲት ከጎደለው ዮጋ ይጨምርበት» አሉ ጋሼ። «ፔል ይከፍልለታል።»

«ዲግሪው ለማይጠይቀው ክላስ ፔል አይከፍልም። ዮጋውን እርስዎ ይውሰዱት ጋሼ፣ ወገብዎ ከስቲሪንግ ጋር ተጣብቋል።»

ቀጥሎ የመጣው ሁላችንም የምንኮራበት ታሪክ ነው። «እኛ እኮ» አለ የፓርኪንጉ ወንድም፣ «ሁለት ሥራ እየሠራን ነው እዚህ የደረስነው። ይሄስ ሙሉ ሰዓት እየሠራ ሙሉ ሰዓት ቢማር ምን ይሆናል?»

«ሁለተኛው ሥራህ ላይ ትተኛ ነበር» አለችው። «ካልኩለስ ላይ ከተኛ ማን ይቀሰቅሰዋል?»

በደንቡ አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ይፈልጋል። 15 ክሬዲት በሳምንት 45 ሰዓት ነው። 40 ሰዓት ሺፍት ስትጨምርበት ልጁ የሚተኛው ቀይ መብራት ላይ ነው። ሦስት ዓመት ብሎ ማቀድ፣ ዘጠኝ ክሬዲት እየያዙ ሒሳቡን ግን ሳያቋርጡ በሰመርም መቀጠል ነውር አይደለም። ነውሩ በሁለት ዓመት ብሎ ተነስቶ፣ ክላስ እየጣሉ በአምስተኛው ዓመት ስለ መጀመሪያው ሰሚስተር ማውራት ነው። የተጣለ ክላስ ደግሞ «ሞክረህ ያልጨረስከው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲበዛ እርዳታውን ያስቆማል።

ሰው መውጣት ጀመረ። ጋሼ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የእኔም ልጅ በፎል ትጀምራለች። አንድ ቀን ላምጣትና ብታነጋግሪያትስ?»

«ያምጧት ጋሼ፣ ደስ ይለኛል። እርስዎ ግን መኪና ውስጥ ይጠብቁን።»