ከያኒ ተማሪን በእንግሊዝኛ ዝም የማሰኛ ዘዴ

ሰቆጣ የተመደበ የእንግሊዝኛ መምህር የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስኪከፈትለት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ከያኒዎቹ ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ይጠብቁታል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሻደይ በዓል ወገቧን በሻደይ ቄጠማ አስጊጣ፣ ከበሮ እየመታች፣ በየደጁ እንደ ባለቤቱ ሁኔታ ግጥሙን እየለዋወጠች ስታወድስ የሰነበተች ልጅ መስከረም ላይ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ልጅ ቅኔ ቤት ከርሞ የመጣ ነው። ከኋላ ያለው ደግሞ የደብተሩን ኅዳግ በሥዕል ሞልቶታል። እነዚህን ልጆች እስከ ሰኔ አፋቸውን አስይዞ ማስረከብ ቀላል ሥራ አይደለም። በዘዴ ከተያዘ ግን ይቻላል።

ሥራው የሚጀምረው ልጆቹን ምንም ቋንቋ እንደማያውቁ አድርጎ በመቁጠር ነው። ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ ብዙ ልጅ ቤቱ ውስጥ ኽምጣና ይናገራል፤ ገበያውና ቢሮው አማርኛ ነው፤ ወደ አበርገሌ በኩል ትግርኛ ይሰማል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግዕዝ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ መምህሩ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አለበት። ተማሪው እንግሊዝኛ ሲጽፍ ግሱን መጨረሻ ላይ ከወረወረው፣ ኽምጣናም አማርኛም ግስን መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀምጡ አስረድቶ ማረም ጊዜ ይፈጃል። ‹‹ደደብ›› ማለት ይቀላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው ቅኔ ቤት ነው። እዚያ የሚማሩት ግዕዝ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም፤ እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ ከዜሮ የሚጀመር ነው። የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ ያጠናል፤ ነገር ግን ግሱን አጥንቶ እስኪጨርስ ዝም በል አይባልም። በጠዋቱ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ቆጥሮ የኔታ ፊት ይቀርባል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ ተመልሶ ሌላ ይቆጥራል። ቀስ እያለ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ኋላም ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የየዕለቱ ቅኔ የየዕለቱ ነው። ማለትም በማያውቀው ቋንቋ ማንም ያላለውን ነገር በየቀኑ ይናገራል። (በነገራችን ላይ ቅኔ ቤቱ ገነት አልነበረም፤ ቁራሽ ለምኖ ማደርም፣ የውሻ ንክሻም፣ ዱላም ነበረበት። መመሪያችን ከእነዚህ ውስጥ ዱላው ብቻ እንዲወረስ ይመክራል።)

የቅኔ ቤቱ ዘዴ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ከገባ መዘዙ ብዙ ነው። ተማሪው በጥቅምት ሁለት መስመር የራሱን ሐሳብ ጽፎ ይመጣል፤ መምህሩ ሊያነብ ነው፣ ሊያርም ነው፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሊያስብ ነው። ስለዚህ ፕረዘንት ፐርፌክት ሳያልቅ፣ ከዚያ ፓሲቭ ቮይስ ሳያልቅ፣ ከዚያ ኮንዲሽናሉ ሳያልቅ ማንም የራሱን ዓረፍተ ነገር እንዳይሠራ መከልከል ነው። እስከዚያው ጆን ኳስ መትቷል፣ ኳሱም በጆን ተመትቷል፤ ይህ ለአንድ ሴሚስተር ይበቃል።

የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ባይነሳ ይመረጣል። በልጅነቱ ግዕዝ የተማረው ጸጋዬ ገና ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። ‹‹ኦዳ ኦክ ኦራክል›› የተባለውን ተውኔቱን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያሳተመው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ፣ ዘመኑ 1965 እ.ኤ.አ.። ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ደግሞ በአማርኛ አናግሯቸዋል። ይህን የሰማ የሰቆጣ ልጅ ሐምሌትን ኽምጣና ላናግረው ቢል ማን ይመልሰዋል? ሼክስፒር የግድ ከተነሳ የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት አስጽፎ በፍጥነት ማለፍ ነው።

የሻደይዋ ልጅ ጆሮ ሌላ ፈተና ነው። እንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ትርጉም ይለውጣል፤ ‹‹ሬከርድ›› ሲባል ስም ነው፣ ‹‹ሪኮርድ›› ሲባል ግስ። ከበሮ የምትመታ ልጅ ይህን በሁለት ምት ትይዘዋለች፤ ክፍሉንም ታስይዘዋለች። ለዚህ መድኃኒቱ ሕጉን ከነስሙ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ከሥሩ አስምሮ፣ በጸጥታ ማስገልበጥ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያሰራጭ ለዚህ ዝም የማሰኘት ጥበብ ትልቅ ውለታ ውሏል። የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ይጠይቅ፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገስ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤትም መምህሩ ያለ ምንም ሳተላይት ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ‹‹ኢዝ ኢት ክሊር?›› ‹‹የስ ቲቸር!›› በዚህ አያያዝ ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው አጥርቶ የሚናገረው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ይሆናል፦ ‹‹ሜይ አይ ጎ አውት?››

የድርሰት ርእስም እንዲሁ በጥንቃቄ ይመረጥ። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የጥንት ዋግ ሹሞች ነው የሚባል አስከሬንም ተቀምጦበታል። ሠዓሊው ልጅ ይህን ሥሎ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አምስት መስመር ጽፎ፣ ነገ ለመጣ እንግዳ ሊያስረዳ ይችላል። ስለዚህ ርእሱ ‹‹የባሕር ዳርቻ ሽርሽር›› ይሁን፤ ባሕሩም ውቅያኖስ ይሁን፣ የተከዜ ግድብ እንዳይመስለው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን ሁሉ በትጋት የፈጸመ መምህር ፍሬው በሌሎች መምህራን ክፍልም ይታይለታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በዋግ ኽምራ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ነበረበት። እንግሊዝኛው ድርሻውን ቢጠይቅ ግን የሚከለክለው የለም።

ሰኔ ላይ ርእሰ መምህሩ ሪፖርት ሲጠይቁ ቅጹ ሁለት ረድፍ አለው። ‹‹የታየ ችግር›› በሚለው ሥር፣ ‹‹ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን በራሳቸው የመግለጽ ልምድ የላቸውም›› ተብሎ ይሞላል። ‹‹የተወሰደ መፍትሔ›› በሚለው ሥር ደግሞ፣ ‹‹ለከርሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ የግራመር ክፍለ ጊዜ ተይዟል››።