መርከቧ መኪና ተሳፍራ

እህቴ ከአሜሪካ ተነሥታ በሜዲትራኒያን ደሴቶች ዙሪያ በመርከብ ልትዝናና የሄደች ጊዜ፣ የጉዞው ግማሽ ያለፈው ጎንደር እኛ ቤት ውስጥ ነው። በደረሰችበት ወደብ ሁሉ በቪዲዮ ትደውላለች። እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ትለጥፈዋለች፤ እኔ ከኋላ ቆሜ "እማዬ፣ ራቅ አድርጊው፤ ግንባርሽ ብቻ ነው የሚታያት" እላለሁ።

ማልታ ደረሰችና ቫሌታን አሳየችን። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ የድንጋይ ቅጥር፣ ማማ፣ ጠባብ መንገድ። እናቴ አተኩራ አየችና፣

"ይሄማ የፋሲል ግንብ ነው፤ ውሃ ጨመሩበት እንጂ" አለች።

እህቴ ሳቀች። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። ቫሌታ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1566፣ ጎንደር ደግሞ በ1636 ነው። በ70 ዓመት የሚበላለጡ እህትማማቾች ናቸው ቢባል ያስኬዳል፤ አንዷን ለባሕር ዳሯት፣ ሌላዋ ተራራ ላይ ቀረች።

"ስንት ቀን ትቆያላችሁ?" ጠየቀች እናቴ።

"ምን ቀን አለ፤ ስድስት ሰዓት ብቻ። ማታ ወደ ሲሲሊ እንነሣለን።"

"ስድስት ሰዓት? ለከተማ? እኛ ቤት እኮ በስድስት ሰዓት በረካው አይደርስም!"

እህቴ ወሬውን ለመቀየር ስለ ምግቡ አነሣች። ቡፌው ሌሊትም አይዘጋም፤ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ኬኩ። ቀኑ ዓርብ ነበር። እናቴ ስልኩን እኔ ላይ ጥላ ወጣች።

ማታ ግን ነገሩ ከነከናት። "እኛስ ባሕር የለንም እንዴ?" አለች።

አለን እንጂ። ደገኛ ባሕር ሲያጣ ይሠራል። የቀሃን ወንዝ ጠልፎ ገንዳ ሞልቶ "ባሕረ ጥምቀት" ብሎ ይሰይመዋል። ጣናን የጂኦግራፊ መምህር "ሐይቅ" ቢለው ማን ሰምቶት! ዳሩ ላይ ያለችው ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ በሳምንቱ እኔና እናቴ ለመዝናኛ ጉዟችን ተነሣን፤ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጭዋሂት አድርገን ቁልቁል ወደ ጎርጎራ ወደብ።

ጎርጎራ የዋዛ ወደብ አይደለችም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ቤተ መንግሥት አጠገቧ ነበር። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚያው ነው። ይህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ባሕር ላይ ተይዞ የመን ውስጥ 7 ዓመት ያህል በግዞት ማቅቋል፤ መርከብ ላይ በሰንሰለት ታስሮም ቀዝፏል። ያን ሁሉ ማዕበል አልፎ፣ ጣና ዳር ትኩሳት ጣለው። የእህቴ መርከብ ላይ ቀዛፊ የለም፤ ቡፌ እንጂ።

የእኛ መርከብ ባለ አንድ ሞተር ጀልባ ነበረች። ተሳፋሪው ዘጠኝ፣ የነፍስ አድን ጃኬቱ አራት። ባለጀልባው ትልቅ ሰው አክብሮ አንዱን ለእናቴ ሰጣት። እሷም አመስግና ተቀበለችና፣ አገልግሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብርቱካንማውን ጃኬት ለአገልግሉ አለበሰችው። ማሰሪያውንም ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

"እማዬ፣ እሱ ለሰው ነው" አልኳት።

"እኛ ብንሰምጥ ሰው ይፈልገናል። ሽሮውን ማን ይፈልገዋል?"

ደጋ እስጢፋኖስ ደሴት ስንደርስ እናቴ ከታች ቀረች፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። እኔ ዳገቱን ወጣሁ። እህቴ በየወደቡ ሙዚየም ገብታ የነገሥታት ሐውልት አይታለች፤ ደጋ ላይ ግን ያረፉት ራሳቸው ነገሥታቱ ናቸው። ከእነሱም አንዱ አፄ ፋሲል። ጎንደርን የሚያህል ከተማ ተራራ ላይ ቆርቁረው፣ ለዘላለም ዕረፍታቸው ደሴት መረጡ።

ስወርድ እናቴ "አየሃቸው?" አለች።

"አየኋቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ምን ይላሉ እማዬ!"

"ደግ። ከጎንደር ጫጫታ ሊያርፉ ነው የመጡት፤ ዝም በላቸው።"

ስንመለስ ሞተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ። ባለጀልባው ገመዱን ይስባል፤ ሞተሩ ያስነጥሳል። በአጠገባችን አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ አለፉን፤ "እንዴት ዋላችሁ" ብለውን፣ መልሱን ሳይጠብቁ ራቁ። ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ትዝ አሉኝ። እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ በ1858 ዓ.ም. ግድም ጣና ዳር ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በግራ በቀኙ ሰው በእጅ የሚያዞረው መንኮራኩር ገጠሙበት። የእንፋሎት መርከብ መሆኑ ነው፤ እንፋሎቱ የወታደሩ ላብ። ሞተር የሌለው መርከብ ሞተሩ አይበላሽም። ይህን ለባለጀልባው ሳወራለት፣ መቅዘፊያውን አቀበለኝ።

አገልግሉ ግን ጠብታ ሳይነካው ጎርጎራ ገባ።

ዓመታት አለፉና በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጣናነሽ 2 መጣች። 38 ሜትር ርዝመት ያላት፣ 188 ሰው የምትጭን መርከብ ናት። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጣና ግን የመርከብ መንገድ የለም። ስለዚህ መርከቧ ራሷ መኪና ተሳፈረች። ከባሕር ወለል ተነሥታ፣ ዳገት ቁልቁለቱን እየቆጠረች፣ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለው ውሃ ወጣች። በየመንገዱ ሕዝቡ ወጥቶ አያት፤ ስልኩን አንሥቶ ቀረጻት፤ ዘፈነላት።

እናቴ በቴሌቪዥን አይታ ወዲያው ወደ አሜሪካ አስደወለችኝ። ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ለጠፈችው።

"ስሚ፣ አንቺ መርከብ ላይ ተቀምጠሽ ከተማ ዞረሽ አይተሻል አይደል? የእኛ መርከብ ደግሞ መኪና ላይ ተቀምጣ ከተማውን ሁሉ ስታይ ከረመች።"

"በየከተማው ስንት ሰዓት ቆየች?" አለች እህቴ፣ ነገር ልታበላሽ።

እናቴ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ነበር።

"እሷማ አልቸኮለችም፤ በረካውን ጠጥታ ነው የመጣች።"