አኬላ ነኝ ብዬ ፈረምኩ

በልጄ ቀበቶ ላይ ከተደረደሩት ባጆች ውስጥ በሐቅ የተገኘው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሲገኝ እኔ አልነበርኩም። የቀሩት በሙሉ የእኔ ፊርማ ውጤቶች ናቸው። ልጅቷ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። ስካውት ደግሞ ሕጉን “ታማኝ ሁን” ብሎ የሚጀምር እንቅስቃሴ ነው። እንግዲህ የት ላይ እንደቆምኩ ተመልከቱልኝ።

ነገሩ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። እዚያ የምትኖረው እህቴ፣ ልጇ የጨረሰውን የካብ ስካውት መጽሐፍ ከሻምፖና ከቫይታሚን ጋር በመንገደኛ ላከችልን። የ“ተኩላ” ደረጃ መጽሐፍ ነው፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች የሚሠሩት። መጀመሪያ ላይ “ይሄማ የወንዶች ነው” ብዬ ልገላገል ሞክሬ ነበር። እህቴ በረጅም የድምፅ መልእክት አደብ አስገዛችኝ፤ አሜሪካኖቹ ሴቶች ልጆችን ማስገባት የጀመሩት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ በ2025 ደግሞ “ቦይ” የሚለውን ከድርጅቱ ስም ላይ ራሱ አንስተውታል። ልጄ መልእክቱን አብራኝ ሰምታ ኖሮ ወዲያው “መቼ ነው የምንጀምረው?” አለች። መውጫ አጣሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚሠራ ነገር አለ፤ ከጎኑ አኬላ የሚፈርምባት ትንሽ ቦታ አለች። አኬላ ኪፕሊንግ በ1894 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጫካ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የተኩላዎች አለቃ ነው። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወል በ1916 እ.ኤ.አ. ለትንንሾቹ ልጆች ለብቻቸው ክፍል ሲያቋቁምላቸው ከኪፕሊንግ ተውሶ እነሱን ግልገል ተኩላ፣ መሪያቸውን አኬላ አላቸው። ቤት ውስጥ ሲሆን አኬላው ወላጅ ነው። ፈተና የለም፣ ውጤት የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም። መርሑ “የተቻለህን አድርግ” ነው፤ ልጁ የተቻለውን አድርጓል ብሎ ያመነ ወላጅ ይፈርማል። እንዲህ በእምነት ላይ የቆመ ሥርዓት የእኔ ቢጤ እጅ ላይ ሲወድቅ የሚሆነውን ባደን ፓወል አላሰበበትም።

“አገራችን ስካውት የለም ወይ? ለምን እዚያ አላስገባሃትም?” የሚል ይኖራል። አለ እንጂ፤ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር የሚባል አለ። አላስመዘገብኳትም። ምክንያቱን ሰው ሲጠይቀኝ ርቀት ነው፣ የቅዳሜ ትራፊክ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን እዚያ መሪ አለ። መሪ ካለ ያያል፤ ካየ ይጠይቃል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ከዚህ የባሰ። አባቴ በ1950ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ካኪ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ ካልሲ፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ፣ እጁ ላይ ዱላ። ልጅ ሆኜ ወታደር ይመስለኝ ነበር። ቦይ ስካውት አገራችን የገባው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆናለች። እኔ ለአቅመ ቁምጣ ስደርስ አብዮቱ ቀድሞኝ ስካውቱን ከዘውዱ ዘመን ዕቃ ጋር ጠራርጎ ጥሎታል። የደረሰኝ የቀበሌ ኪነት ነበር፤ እዚያም ድምፄ ስለማያምር አፌን ብቻ እንዳንቀሳቅስ ተነገረኝ። ስለዚህ ያንን ስካርፍ ሳየው ዛሬም ምራቄ ይሞላል። ባጁን ለልጄ ነው የምፈልገው ስል ያመነኝ ሰው የለም፤ ሚስቴማ ገና መጽሐፉ ሳይገለጥ “ላንተ ልክ የሚሆን ቁምጣ አብራ ትላክልህ?” ብላኛለች።

ማጭበርበሩ የጀመረው በቃል ኪዳኑ ነው። ልጄ በረንዳ ላይ ቆማ ሁለት ጣቷን አንስታ ቃል ገባች። ቦሌ ሚካኤል የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙ አንርቅም፤ አንዱ ሲነሳ ወሬ በእንጥልጥል ይቆማል፣ ካለፈ በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል። እሷ ግን አላቋረጠችም። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የምሰማው ግን የሞተር ድምፅ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ሲርቅ “ሰማኸኝ?” አለችኝ። “ቃል በቃል!” አልኩና ፈረምኩ። ኪነት ላይ እኔን ያደረጉኝን እኔም ልጄን አደረግኳት ማለት ነው።

ቀጥሎ የእግር ጉዞ መጣ። ቢያንስ አንድ ማይል፣ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድና በመንገድ ላይ ከዚህ በፊት ያላዩትን ሁለት ነገር ማግኘት። ስካውት ለጉዞ ስድስት ነገር ይይዛል፦ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ውሃ፣ ባትሪ፣ የመንገድ ስንቅ፣ ከፀሐይ መከላከያ፣ ፊሽካ። ስንቁን ቆሎ አደረግነው፤ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ ከምንጠቀምበት መሳቢያ ተገኘ። ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም አቅጣጫ ጉዞ ጀመርን። ቀለበት መንገዱ ጋ ሳንደርስ ቆሎው አለቀ፤ የበላሁት እኔ ነኝ። ፊሽካው የሚነፋው ሰው ሲጠፋ ብቻ መሆኑን ላስረዳት አፌን ስከፍት ልጄ ሙከራ ብላ ነፋችው።

አንድ ሚኒባስ ሲጥጥ ብሎ ጥጉን ይዞ ቆመ። ሾፌሩ ትራፊክ ያስቆመው መስሎት መንጃ ፈቃዱን እየፈለገ ነው። ረዳቱ ወርዶ ግራ ቀኝ አየ፤ ፖሊስ የለም፣ አንድ ቆሎ የበላ አባትና ፊሽካ ያንጠለጠለች ልጅ እንጂ። ይቅርታ ጠይቄ መቀጠል ነበረብኝ። ከቆመ አይቀር ብዬ ገባሁ።

መድኃኔዓለም ጋ ስንደርስ ያላየሻቸውን ሁለት ነገሮች ጻፊ አልኳት። ደብተሯ አሁንም አለ፣ ማየት ለሚፈልግ። “1. ፊሽካ ታክሲ ያስቆማል። 2. አባዬ ተቀምጦ ለእማዬ በስልክ እየተራመድን ነው አላት።” ሥራው ተሟልቷል፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቃቸው ናቸው። ፈረምኩ።

ሰላምታው ደግሞ ከሰው አጣላኝ። ስካውት የሚጨባበጠው በግራ እጅ ነው። ባደን ፓወል በ1896 እ.ኤ.አ. ወደ አሻንቲ በዘመተ ጊዜ አንድ የአገሩ ባላባት ግራ እጁን እንደዘረጋለት ይተረካል፤ ግራ እጅ ጋሻ የሚይዝ ነውና እሱን መዘርጋት ጋሻ ጥሎ ማመን ነው። ታሪኩን ለልጄ በስሜት ተረኩላት። ያልነገርኳት እዚህ ሰፈር ግራ እጅ የሚዘረጋለት ሰው ምን እንደሚሰማው ነው። ቦሌ ሚካኤል ሶማሌ ጎረቤቶች ያሉበት፣ ሻሂ በወተት የሚሸትበት ሰፈር ነው፤ ከኛ በር ፊት ለፊት ያሉትን አዛውንት ልጆቹ ሁሉ፣ የእኔዋም ጭምር፣ አዬዮ ይሏቸዋል፤ በሶማልኛ ሴት አያት ማለት ነው። ልጄ በማግስቱ ለእሳቸው ግራ እጇን ዘረጋች።

አዬዮ እጇን አዩት፣ እኔን አዩኝ። የአባባ ጃንሆይ ዘመን አማርኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ “ይሄ ልጅ አሳዳጊ የለውም እንዴ?” አሉ። እኔም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ የአሻንቲን ታሪክ ከነጋሻው እበራቸው ላይ ቆሜ ማብራራት ጀመርኩ። ጨርሼ ቀና ስል በሩ ተዘግቷል።

አሁን ወደ ቋጠሮው ልምጣ፤ ይሄ ነው ያዋረደኝ። መጽሐፉ ስኩዌር ኖት የሚለው ቋጠሮ አለ፦ ቀኙን በግራው ላይ አዙሮ ማሠር፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለተኛውን ዙር እንደ መጀመሪያው ካሠሩት ቋጠሮ ይመስላል እንጂ ቋጠሮ አይደለም፤ ሲሸከም ይንሸራተታል። ልዩነቱ በዓይን የሚታየው በትክክለኛው ላይ የእያንዳንዱ ገመድ ሁለት ክንድ ጎን ለጎን በአንድ በኩል ሲወጣ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ቪዲዮ አይቼ፣ ለልጄ እንደ ሊቅ ካስተማርኩ በኋላ ላሳይሽ ብዬ የተበጠሰውን የልብስ ማስጫ ገመድ በእሱ ቀጠልኩት። ሚስቴ የታጠበ ጋቢ አሰጣችበት። ጋቢው ውሃውን ይዞ ሲከብድ ቋጠሮዬ በጸጥታ ተፈታና ጋቢው ጭቃው ላይ ተዘረጋ። የባሰው ደግሞ በኋላ ነው የገባኝ፤ ያ ቋጠሮ በትክክል ቢታሠር እንኳ ለፋሻና ለጥቅል እንጂ ሸክም የሚስብ ገመድ ለመቀጠል አይሆንም። ማለት አሳስቼ ያሠርኩት ከመጀመሪያውም የማይሆነውን ነው። ጋቢው የአማቴ ነበር፤ ዝርዝሩን ተዉት።

በዚያ ሳምንት የቋጠሮውን ገጽ አልፈረምኩም። ሕሊና አይደለም፤ ሚስቴ መጽሐፉን ደብቃው ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እኔ ተኝቼ ሳለ ልጄ ገመዷን ይዛ አዬዮ ዘንድ ሄዳለች። በቀኝ እጇ ጨብጣ። እኔ የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ አዬዮ ያደጉት ኦጋዴን፣ ግመል ካለው ቤተሰብ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃሉ፣ የሴት ሥራ ነው። የጎበጡትን እንጨቶች በገመድ አስረው፣ ምንጣፉን ደርበው የሚያቆሙት ሴቶች ናቸው፤ መንደሩ ሲነሳ ፈትተው ግመል ላይ የሚጭኑትም እነሱ። ሚስማር የለውም፤ ቤቱ በሙሉ ቋጠሮ ነው ማለት ይቻላል። ልጄን ከበራቸው በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሲያሠሯትና ሲያስፈቷት ዋሉ። አንዴ ሲያጠብቁ በግራ እጃቸው ጫፉን ይዘው በቀኛቸው ጠቅልለው በአውራ ጣት ይጫኑታል፤ ልጄ አሁንም ስታሥር አውራ ጣቷን እንደዚያው ትጫናለች። ማታ መጥታ የበርጩማ እግርና የመጥረጊያ ዘንግ አንድ ላይ አሥራ ሰጠችኝ። በጥርሴም አልተፈታ።

ገጹ ላይ ፊርማ ነበረበት። አኬላ በሚለው ቦታ፣ በሶማልኛ አጻጻፍ፣ በላቲን ፊደል፣ ሙሉ ስም ከነአባት ከነአያት። ከእኔ ጭረቶች ሁሉ መሐል የሚነበበው እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አፍሬ መታረም ይገባኝ ነበር፤ አልታረምኩም። ቅናት ያዘኝ። ክብሬን ላስመልስ ብዬ ባደን ፓወል በ1908 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ያስተዋወቀውን የኪም ጨዋታ አመጣሁ። ትሪ ላይ የተለያየ ዕቃ ይደረደራል፣ ለአንድ ደቂቃ ታይቶ ይሸፈናል፣ ያየኸውን ትዘረዝራለህ። ረከቦቱን ነው ያደረግነው፦ ሲኒዎች፣ የስኳር ማንኪያ፣ ማቶት፣ የእጣን ብልቃጥ፣ ክብሪት፣ የሚስቴ የጆሮ ጌጥ፣ የቤት ቁልፍ። እኔ ሲኒዎቹን ካልኩ በኋላ የመጣልኝ ጀበና ነው፤ ጀበና አልነበረም። ልጄ ሁሉንም ጠራች፤ የትኛዋ ሲኒ ጆሮዋ እንደተሸረፈ ሳይቀር። ከዚያም ሳልጠይቃት ቀጠለች፦ “እሁድ ለጓደኛህ ቤት ቁጭ ብለህ መገናኛ ደርሻለሁ ብለኸዋል። ሰኞ ለእማዬ ጋቢውን ነፋስ ነው የጣለው ብለሃል። የእግር ጉዞውን…” እናቷ ከማድ ቤት ብቅ አለች። ልጄን የማስተዋል ባጅ ይገባታል አልኩና ቶሎ ፈረምኩ፤ እንዲህ ያለ ባጅ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

የአኬላ ታሪክ ከየት እንደደረሳት አላውቅም፤ ፊልሙን ሳታየው አልቀረችም። አኬላ ያደነውን የሳተ ዕለት መንጋው ከአለቅነቱ ሊያወርደው ይነሳል። ይህን እራት ላይ ነገረችንና ወደ እናቷ ዞራ “አንቺ አኬላ ትሆኚያለሽ?” አለቻት። ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ አንዱም የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የፈረምኳቸው ገጾች በሙሉ በእርሳስ ተሰርዘው እንደገና እየተሠሩ ነው። የእግር ጉዞው በእግር ተሄደ፤ ቆሎውን የያዘችው እናቷ ናት። ቃል ኪዳኑም አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ተደገመ፤ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ። ባጆቹ ግን ቀበቶዋ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ እኔ ነኝ ሥራው ሳይሠራ ከእህቴ ቀድሜ ያስላክኋቸው፣ ለመንገደኛው ኪሎ ተረፈ ብዬ።

እኔም ወደ ጀማሪ ደረጃ ወርጄ ቋጠሮውን እንድማር ተወስኖብኛል። ትናንት አሥሬ አሳየኋት። ልጄ አንዱን ጫፍ ያዘችና ሳበችው፤ ተፈታ። “የተቻለህን አድርገሃል፣ አባዬ” አለችኝ። አልፈረመችም። “የተቻለውን ያደረገ ያልፋል ይላልኮ መጽሐፉ!” ብዬ ተሟገትኩ፣ ገጹንም ገልጬ አሳየሁ። “አንተ ሰባት ዓመትህ አይደለም” አለች። ወደ ሜሪላንድ ይግባኝ ብያለሁ፤ እህቴ የድምፅ መልእክቱን እንደሰማችው ምልክቱ ያሳያል፣ መልስ ግን የለም።