ባሕር ልሁን ያለው ወንዝ

ተረት ተረት። የላም በረት ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን የምተርተው ሚሌ ተቀምጬ ነውና የግመል በረት በሉልኝ።

የጉምሩክ ኬላው ሳይቆም፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ሳይደረደሩ፣ ከጊንጪ ደጋ አንድ ቀጭን ወንዝ ተነሣ። አዋሽ ይሉታል። አባይ ማደሪያ የለውም እየተባለ ሲታማ፣ አዋሽ ባገሩ ተወልዶ ባገሩ የሚቀር ነበር። ይኸው ነገር ውስጥ ውስጡን በላው። «አባይ ባሕር ሲገባ እኔ ከማን አንሼ?» አለና ክተት ዐወጀ።

መጀመሪያ ሞጆን ጠቀለለ። ቀሰም ወዶ ገባ። ቦርከና የወሎን አፈር እጅ መንሻ ተሸክሞ መጣ። ለሁሉም የተገባው ቃል አንድ ነው፤ «እኛ ባሕር ስንሆን እናንተም ባሕር ትሆናላችሁ።» ከገቡ በኋላ በስማቸው የጠራቸው የለም። ገባር የሚለው ቃል ለወንዝም ለገበሬም አንድ የሆነው ያለ ነገር አይመስለኝም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ አዲሱን ገባር የሚገፋው የትናንቱ ገባር ነበር። ቦርከናን ለመዋጥ ከአዋሽ ይልቅ የሚቸኩለው የቀሰም ውኃ ነው።

እንዲህ እያለ ከሚሌ ወንዝ ደጅ ደረሰ። በጋ ነውና ሚሌ አሸዋ ተከናንባ ተኝታለች። አዞ ተልኮ መጣ።

«ጃንሆይ አዋሽ ግቢ ይሉሻል።»

«መጀመሪያ ዳጉ ልስማ» አለች። በአፋር ምድር መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ወሬውን ሳያጎድል ይለዋወጣል፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። ከአውሳ የምትመለስ አሮጊት ግመል አስቆመች።

«እማማ፣ ባሕሩ ወዴት ነው?»

«የዐይኔን ልንገርሽ የጆሮዬን?»

«ሁለቱንም።»

«በዐይኔ ያየሁት አቤ ሐይቅን ነው። የጃንሆይ የፊት ጦር እዚያ ደርሶ ቆሟል። ባሕሩ ከተራራው ማዶ ነው ይላሉ፣ ግን አንዱም አልተሻገረም። ፀሐይ በየቀኑ ትጠጣቸዋለች፤ የሚተርፈው ጨው ነው። ቀመስኩት፤ ተፋሁት።»

«የጆሮሽስ?»

«እሱ የእናቴ ነው። በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከታጁራ ጦር መጣ። የላከው የግብፁ ከዲቭ እስማኤል፣ አዛዡ ሙንዚንገር ፓሻ የሚሉት የስዊዝ ሰው። ምጽዋን ይዘዋል፣ ዘይላን ይዘዋል፣ ሐረር ገብተዋል፤ አልበቃቸውም። ያንቺ ጃንሆይ ባሕር ፍለጋ ይወርዳሉ፣ እነዚያ ከባሕር ተነሥተው መሬት ፍለጋ ይወጣሉ፤ አውሳ ላይ ተገናኙ። አፋሮች ሌሊት ወረዱባቸው፤ ፓሻው እዚያው ቀረ። በዚያው ሰሞን ሌላው ጦር ጉንደት ላይ፣ ከጥቂት ወር በኋላ የመጣው ደግሞ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተበተነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ከዲቩ ከዙፋኑ ወረደ፤ ሌላ ሦስት ዓመት ቆይቶ አገሩን እንግሊዝ ያዘው።»

«እናትሽስ ከማን ወገን ነበረች?»

«ከጭነቱ።»

«ምን አተረፈች?»

«የጀርባ ቁስል።»

ሚሌ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ አዞውን «ክረምት ይምጣ፤ አስብበታለሁ» ብላ ሰደደችው።

በጋውን ሙሉ ተኝታ ከረመች። ጠዋት ጠዋት አንዲት ልጅ ትመጣለች። በጉልበቷ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ትጭራለች፤ ጉድጓዱ ክንድ ሲያህል ደፍራሽ ውኃ ያቁራል። እስኪጠል ትጠብቃለች፤ ዝንብ እሽ እያለች፣ አንድ ጣሳ፣ ደግሞ አንድ ጣሳ፣ ወደ ፍየል ቆዳው ስልቻ ታንቆረቁራለች። ሚሌ በሥሯ ሆና የልጅቷን ጣት ቅዝቃዜ ታዳምጥ ነበር። በስሟ የሚጠራት ሰው ነበራት።

ሐምሌ ገባ። ሚሌ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ወሎ ደጋ ላይ ግን ሰማዩ ተቀደደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እንደ ልማዷ ስትጭር አሸዋው ተንቀጠቀጠ። ስልቻዋን ይዛ ወደ ዳር ሮጠች፤ ጣሳው ቀረ። ሚሌ ቀይ ሆና፣ ግንድ አንግታ፣ የሞተ ፍየል እያገላበጠች ወረደች።

«የፊተኞቹ አላወቁበትም!» ትላለች። «እኔ ስጨመር ተራራውን እናልፋለን!»

ግመሏ ዳር ቆማ ግራር ታመነዥካለች። አዞው ከመገናኛው ላይ «እህ፣ አሰብሽበት?» ሊል አፉን ሲከፍት ውኃዋ በአናቱ ላይ አለፈ። ድምፅዋ ብቻ ቀጣዩን ወንዝ ሲጠራ ከሩቅ ተሰማ፤

«ሎጊያስ? ሎጊያ እስካሁን አልገባም?»