ማኅተም የሌላት በቅሎ

ዶክተሩ ከመስክ ተመልሰው ሂሳብ ሊያወራርዱ ፋይናንስ ቢሮ ተሰልፈዋል። ጥናታቸውን የገመገሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ውሎ አበላቸው ግን የትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ዲኑና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ፈርመውበትም ገና አላለፈም። እንቅፋቱ በቅሎዋ ናት፤ ያከራያቸው ገበሬ ሕጋዊ ደረሰኝ የለውም። (እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኮቴዋን ቢያሳትሙበት ይበቃ ነበር።) የጡረታው 7 በመቶ ግን ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣ ሰልፍ ሳይዝ በየወሩ ከደመወዛቸው ላይ ውልፍት ሳይል ይቆረጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ 100ን ለመሻገር ሳምንታት ብቻ በቁት፤ እሱን ደረሰኝ የጠየቀው የለም።

«ዶክተር፣ ሰነዱን በሦስት ኮፒ ያምጡልን» አለች ሂሳብ ሠራተኛዋ፤ «ለኮፒውም ደረሰኝ እንዳይረሱ።»