የተበታተነ ሥራን ለመሰብሰብ የወጣ የቤት አዋጅ ቁጥር 1

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጊዜን ጠላት ጆሮውን ይድፈነው!

መግቢያ

የአንድ ቀን ሥራ እየተበጣጠሰ ሳምንት መፍጀቱ በመረጋገጡ፤

መርካቶ በርበሬውን በበርበሬ በረንዳ፣ እህሉን በእህል በረንዳ፣ ሸማውን በሸማ ተራ ሰብስቦ ገበያተኛው አንዴ ገብቶ አማርጦ ሲወጣ፣ የእኛ ቤት ሰው ግን አንድ ሱቅ በቀን ሦስት ጊዜ መመላለሱ ስላሳፈረን፤

ተመሳሳይ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ መጨረስ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የቤቱ ጠቅላላ ጉባዔ ቡና ተጠጥቶ በረካ ላይ ሲደረስ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦

ሀ) «ተመሳሳይ ሥራ» ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ቦታ ወይም አንድ ዓይነት ሐሳብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤

ለ) «አንድ ደቂቃ» ማለት ስልክ ላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ነው፤

ሐ) በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ ሽንኩርት መላጥን በተመለከተ በሴት ፆታ የተገለጸው ወንድንም ያካትታል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ማድ ቤት

1. ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል የሚፈጀው ጊዜና ኃይል ለአንድ እንጀራም ለሃያም ያው ስለሆነ፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት እንጀራ መጋገር ተከልክሏል። ምጣዱ አንዴ ከጋለና በጎመን ዘር ከታሰሰ ሊጡ ሳያልቅ አይጠፋም።

2. የሳምንቱ ሽንኩርት በአንድ ቀን ይከተፋል፤ ቁሌቱም በአንድ ድስት ይሠራል። ከታፊው የሳምንቱን እንባ አንዴ አልቅሶ ይገላገላል።

አንቀጽ 3፤ ስለ ሱቅ

ልጅን ለጨው ልኮ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ለክብሪት፣ ደብተሩን ሲገልጥ ደግሞ «የኔ ጌታ፣ ስኳሩን ረስቼው» ማለት ክልክል ነው። ላኪው አስቦ ይልካል፤ የረሳውን ራሱ ሄዶ ያመጣል። ከመልሱ ማስቲካ መግዛት የልጁ መብት ነው።

አንቀጽ 4፤ ስለ ስልክ

የቴሌግራም መልእክት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ይታያል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚነሣ ሰው «የት ደርሼ ነበር?» ሲል የሚያጠፋው ጊዜ ከሥራው ይረዝማል።

አንቀጽ 5፤ ስለ መሥሪያ ቤቶች

ጉባዔው በመሥሪያ ቤቶች ላይ ሥልጣን የለውም፤ ንዴት ግን አለው። ባለጉዳይን ዛሬ ለፎቶ ኮፒ፣ ነገ ለጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከነገ ወዲያ ለማኅተም የሚያመላልስ ሠራተኛ በራሱ መስኮት ፊት ወረፋ እንዲይዝ ተፈርዶበታል። ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ስብሰባ ለሚገባ ኃላፊ ቅጣቱ እጥፍ ነው።

አንቀጽ 6፤ በጅምላ ስለማይፈጸሙ ሥራዎች

1. ወደ አንድ ሰፈር ሲኬድ ሁለት ለቅሶ ቤት መድረስ ይፈቀዳል። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»ን ለሁሉም በአንድ ጊዜ በቴሌግራም መላክ ግን በእድር ያስቀጣል።

2. የዓመቱን ይቅርታ ለጳጉሜን ማጠራቀም ክልክል ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በየ4 ዓመቱ 6 ብትሆንም ለአንዳንዶቻችን አትበቃም።

አንቀጽ 7፤ ስለ ጸኑና ስለ ተሻሩ ልማዶች

«እግረ መንገዴን» ጸንቶ ይቆያል። «ቆይ፣ ይቺን ብቻ ልይና» ተሽሯል።

አንቀጽ 8፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። «ከሰኞ ይጀምር» የሚል የማሻሻያ ሐሳብ ቀርቦ፣ ከአቅራቢው ከአባወራው ድምፅ በስተቀር፣ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆኗል።