ለግሪሳም ትሆናለች

ቆቦ ላይ ጊታር ለመግዛት ማሰብ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ያሰቡትን ለሰው መናገር ነው። ክራር ልገዛ ነው ያለ ሰው "ማን ያስተምርሃል?" ይባላል። ማሲንቆ ያለም እንደዚሁ። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለን ሰው ግን የሚጠብቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "መብራት ሲጠፋስ?" ይህን ያልጠየቀኝ የሰፈራችን ሰው የለም። ጠያቂዎቹ መብራት ሲጠፋ የራሳቸውን ፍሪጅና ቴሌቪዥን በትዕግሥት ቁጭ ብለው የሚያዩ ናቸው። ለፍሪጅ የተፈቀደ ዝምታ ለጊታር የሚከለከልበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እናቴ ደግሞ የምንም ነገር ዋጋ በፍየል ካልተነገራት አይገባትም። እኔም በፍየል ነገርኳት። በጣቷ ቆጥራ ስታበቃ፣ "ፍየሎቹ እስከ ዓመት ይወልዱልህ ነበር፤ ይቺ ትወልዳለች?" አለችኝ። ትወልዳለች እንጂ! ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻዋን ተገዝታ አታውቅም። አምፕ ትወልዳለች፤ አምፑ ኬብል ይወልዳል፤ ኬብሉ ዲቫይደር ያስፈልገዋል፤ ዲቫይደሩ በኛ አገር የመብራት ጠባይ ስታብላይዘር ይለምናል። ከዚያ ማንገቻው፣ መቃኛው፣ ፒኩ፣ ትርፍ ክሩ አለ። ስለዚህ ጀማሪ ሆይ፣ የያዝከውን ብር ሁሉ ጊታሯ ላይ አታፍስስ፤ ሲሶውን ለልጆቿ አስቀር።

አዲስ አበባ ሱቅ የገባ ጀማሪ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ቀንድ ባላት ጥቁር ጊታር ላይ ነው። የራያን ሰንጋ እያየ ያደገ ሰው ደግሞ ቀንድ ሲያይ ልቡ ይርዳል። ቀንዱ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን እንደነዚህ ያሉት ብዙ ጊዜ ፍሎይድ ሮዝ የሚባል፣ በሞላ የተንሳፈፈ በርኩማ አላቸው። ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ይጎትታሉ፤ ከጀርባ ያሉት ሞላዎች ወደ ሌላው ይጎትታሉ፤ ቅኝቱ የሚቆመው ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዱን ክር ስታጠብቅ አምስቱ ይረግባሉ፤ አምስቱን ስታስተካክል አንደኛው ይኮበልላል። ለባለሙያ ጌጥ ነው፤ ለጀማሪ ግን ሽምግልና ነው። በርኩማዋ በቡሎን የታሰረች፣ ንቅንቅ የማትል ትሁንልህ።

እኔ የገባሁበት ሱቅ ሻጭ ልጅ አንዱን አንሥቶ ጣቱ እስኪጠፋ ድረስ ተጫወተልኝ። በሻጭ እጅ የማያምር ጊታር የለም። ለእኔ ያቺን አምጣ አልኩትና አንገቷን ከራሷ ጫፍ በአንድ ዓይኔ አየኋት፤ አልተጣመመችም። ከዚያ ፍሬት የሚሉትን እያንዳንዱን የአንገቷን ብረት እየተጫንኩ ክሩ የሚንኮሻኮሽበት ቦታ መኖሩን አዳመጥኩ። ይህን ለማድረግ ዘፈን መቻል አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። የመረጥኳት ያማሃ ፓሲፊካ ናት። ከስኳየር ስትራቶካስተር ጋር አማርጫት ነበር፤ ሁለቱም ለጀማሪ የማያሳፍሩ ናቸው። ቆቦ ደውዬ ለጓደኛዬ "ያማሃ ገዛሁ" ስለው "እሰይ! ሊብሬ አለው?" አለኝ። እርግጥ ነው፣ ያማሃን እኛ የምናውቀው በሞተር ሳይክል ነው። ኩባንያው ግን ሙዚቃን ከጀመረ ስንት ዘመኑ፤ መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ኦርጋን ሠራ፣ ሞተሩ የመጣው በ1955 ነው። የሞተሩ ታንከር ላይ ያለውን ምልክት ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ሦስት የተደራረቡ የመቃኛ ሹካዎች ናቸው። በቆቦ አስፋልት ላይ ሽንኩርት ጭኖ የሚበረው ሞተር የሙዚቃ ምልክት እንደተለጠፈበት ባለቤቱ አያውቅም።

ከአዲስ አበባ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረዳቱ ፖርቶ ባጋሌ ላይ ልስቀላት አለ፤ እምቢ አልኩ። ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ሸዋሮቢት ሲወርዱ ወላፈን፤ እንጨት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይችልም። የቆላ ደረቅ ሙቀት አንገቷን ያኮማትረዋል፤ ብረቱ ግን ስለማይኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ይሾልና እጅ ይጭራል። ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ማኅደሩን አስከፈተኝና አገላብጦ አያት። "ምታት እስቲ" አለኝ። መታኋት። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳትሰካ ድምፅዋ ከአጠገብ ወንበር አያልፍም። ሰውየው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። "ይቺማ ተበላሽታለች፤ ሸውደውሃል ወንድሜ" ብሎ አሳለፈኝ። የቀረውን መንገድ ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ለቀስተኛ ያጽናናኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ለእናቴም ይኸንኑ ማስረዳት ነበረብኝ። ክራር ገበቴ አለው፣ ማሲንቆ ቆዳ የለበሰ ሆድ አለው፤ ይቺ ሆድ የላትም። ሆዷ አምፑ ነው። ከክሮቹ ሥር የተቀበረው ፒክአፕ የሚሉት ነገር፣ ማግኔት ላይ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኢምንት ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ አምፑ ያንን ያገዝፈዋል። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "መጥበሻ ትመስላለች" አለች። አልተሳሳተችም። እ.ኤ.አ. በ1932 ለገበያ የቀረበችውን የመጀመሪያዋን ኤሌክትሪክ ጊታር ፈረንጆቹ ራሳቸው "መጥበሻ" ብለው ነበር የሚጠሯት።

"መብራት ሲጠፋስ?" ላሉትም መልስ አገኘሁ፤ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል፣ ከሲጋራ ፓኮ ብዙም የማይበልጥ አምፕ። ጉልበቱ አንድ ዋት ነው። ነሐሴ 16 ቀን የሰፈራችን ልጃገረዶች ለሶለል ከበሮ ይዘው በራችን ላይ ሲደርሱ እኔም ላጅባቸው ብዬ እስከ ጥግ ከፈትኩት። ጊታር መኖሩን ያወቀ የለም። አንዷ ብቻ ዞር ብላ "እዚህ ቤት ትንኝ አለ" አለች።

ከሁሉ የከፋው ክር ነው። ጀማሪ 9 ቁጥር የሚባለውን፣ ቀጭኑን ይግዛ፤ ጣት ይምራል። ቢያንስ የሁለት ዓመቱን አንድ ላይ ይግዛ፤ ቆቦ ገበያ ማሽላም ማንጎም ግመልም አይቻለሁ፣ የጊታር ክር ግን አላየሁም። የኔዋ ሁለተኛ ክር በተበጠሰች ማግስት ጎረቤቴ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይዞልኝ መጣ፤ የሰፈር ክራር በዚህ ነውና የሚሠራ። በጥንቃቄ አሰርናት፤ ተቃኘች፤ አማረች። አምፑ ግን አላወቃትም። ማግኔት ናይለን አያይም። ጎረቤቴ ጊታሯን ትክ ብሎ አየና "ዘር ትመርጣለች እንዴ?" አለ።

ትምህርቱን የጀመርኩት በስልክ ከወረዱ ቪዲዮዎች ነው። አስተማሪው ፈገግታ የማይለየው ፈረንጅ ነው። ጂ ያዝ፣ ሲ ያዝ፣ ዲ ያዝ፣ መልሰህ ጂ ያዝ ይላል። ያዝኩ። አንድ ወር ሙሉ ያዝኩ። ታናሽ እህቴ ከጓዳ "ወንድምዓለም፣ ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?" አለችኝ። ልክ ናት። ኮርድ መደርደር ለዚያ ሰውዬ አገር ዘፈን ጎጆ ነው፣ ይገባበታል። የኛ ዘፈን የሚሄደው በአምስት ድምፅ፣ አንድ በአንድ፣ እየተጠማዘዘ ነው።

ስለዚህ በሠርግ ኤሌክትሪክ ክራር የሚመታ አንድ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ጊታሯን ተቀበለኝና መጀመሪያ ያለኝ፣ "ግርፍ ነው ድርድር?" ነው። ቀጥሎ ሊቃኛት ተነሣ። ክራር መቺ የሰው መሣሪያ ሲይዝ ካልቃኘ ሰላም አያገኝም። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው፣ እንዳትነካት አልኩት። "ይሄ የምን ቅኝት ነው?" አለ። የምንም አይደለም አልኩት። "የምንም ካልሆነ ለምን ይቀመጣል?" መልስ አልነበረኝም። ክራር በአንድ ጊዜ አንድ ቅኝት ነው፤ ትዝታ ከተቃኘ ትዝታ ነው፣ ባቲ ሲፈልጉ ክሩን መልሶ ማዞር ነው። ጊታር አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይዛ ትጠብቅሃለች፤ የማትፈልጋቸውን ሰባቱን አለመንካት ያንተ ፈንታ ነው። ለጀማሪ ከመንካት አለመንካቱ ይከብዳል።

መላ የዘየደው እሱ ነው። የሚስቱን የጥፍር ቀለም አመጣና አንገቷ ጎን ላይ ለትዝታ ቀይ ነጥብ ነጠበ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ለባቲ ሜጀር ሮዝ፦ ሬና ላ ይሰናበታሉ፣ ፋና ሲ ይገባሉ። እንዲህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈረንጁ በወር ያላስያዘኝን አስያዘኝ። ሚስቱ ቀለሟ ለምን እንደሚያልቅ ስትጠይቅ "ለትምህርት ነው" ይላታል። እስካሁን አላመነችም። አምባሰል ግን አስቸግሮኛል፤ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ በጊታር ገና ውጫሌ አልደረስኩም።

እናቴን ያስደነቃት ግራ እጄ ነው። በልጅነቴ ወደ ማዕድ ሲዘረጋ በማማሰያ ያስመለሰችው እጅ አሁን ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ ይዟል፤ ቀኝ እጄ መምታት ብቻ ነው። "ለካ ለዚህ ኖሯል የተፈጠረው" አለች፤ ምስጋና ይሁን ሐዘን አልለየሁም።

መምህሬ ከልምምድ በፊት ካሴት ያስደምጠኛል። በተለይ የማሕሙድ አሕመድን "ኧረ መላ መላ"። አይቤክስ ባንድ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጫወተውን። ጊታሩ የሰላም ሥዩም ነው፤ ኋላ በሮሃ ባንድም የብዙ ካሴት ጊታር እሱ ነበር። ዘፋኙን ተወው፣ ከኋላ ያለውን ስማ ይለኛል። ስሰማው ጊታሩ ኮርድ ሲደረድር አይውልም፤ ብቅ ይላል፣ ይቀጥናል፣ ከድምፃዊው ሥር ሥር ይላል። መምህሬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ይሄ ሰው ክራር ሳይሰማ አላደገም" ይላል። ማስረጃ የለውም፤ እኔ ግን አምኜዋለሁ።

ጥቅምት ላይ አጎቴ ከገጠር መጣ። ማሽላው ፍሬ ይዟል፣ ግሪሳ ደግሞ ወርዷል። ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍና ጅራፍ ሲያጮህ ድምፁ ዘግቷል። አምፑን ወደ ዲስቶርሽን አዙሬ አንድ ጊዜ ስመታ ከመደቡ ብድግ አለ። በጊታሬ ከልቡ የተደሰተ የመጀመሪያው ዘመዴ እሱ ነው። "በል ተነሥ፤ ለግሪሳም ትሆናለች!" አለኝ። የባትሪዋን አምፕ ቀበቶዬ ላይ አንጠልጥዬ ማማ ላይ ወጣሁ። በመጀመሪያው ምት መንጋው ተነሥቶ ሰማዩን አጠቆረው። በሁለተኛው ዞሮ ተመለሰ። በሦስተኛው ማሽላው ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ግሪሳ ድምፅ ቶሎ ይለምዳል። አጎቴ ግን ጥፋቱን በኔ አደረገው፤ "ከትናንቱ ተሻሽለሃል መሰለኝ" ብሎ ቅር እንዳለው ወንጭፉን አነሣ።

ጥር ላይ መምህሬ ሠርግ ይዞኝ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ከሞንታርቦው አጠገብ፣ ከኦርጋኑና ከክራሩ መሐል አቆመኝ። ጊታሬን አንገቴ ላይ አጥልቄ ኬብሌን ሰካሁ። ጎንበስ ብሎ የድምፅ መቆጣጠሪያዋን በጣቱ አዞረና ዜሮ ላይ አቆማት። "እንደዚሁ ሁን። ላብ እስኪያጠምቅህ ምታ፤ ፊትህን ግን ቅጭም አድርገው" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ መታሁ። ቀዩን ነጥብ በሮዝ፣ ሮዙን በቀይ እያደባለቅሁ፣ አምባሰልንም ሳልፈራ መታሁ። ጭፈራው ሲሞቅ ልጆች በስልክ የቀረጹት ክራሩን ሳይሆን እኔን ነው። ሲነጋጋ ሙሽራው ሊያመሰግን መጣ፤ ኦርጋኑን ዘለለ፣ ክራሩን ዘለለና እጄን ጨበጠ። "ሁሉም ጥሩ ነው፤ ጊታሩ ግን ለብቻው ነው" አለኝ። መምህሬ ክራሩን ማኅደሩ ውስጥ እየከተተ፣ ለከርሞ አንድ ላይ እናደርጋታለን አለኝ።